መጽሔት የቀረበት አራሚ

የእህቴን ባል ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው። እዚህ ግን እሱ ነው። አንቱታ ለሚገባው ሰው ይቆይልኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት በአራሚነት ሠርቷል። አራሚ ሌላው የጻፈውን ከመታተሙ በፊት እያነበበ የተሳሳተ ፊደል የሚለቅም ሰው ነው። ጥሩ አራሚዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የእኛ ግን ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ አያውቅም፣ ስንት ስህተት እንዳለበት ግን በቁጥር ይናገራል። ጡረታ ከወጣም በኋላ ቀይ እርሳሱን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ነው የሚዞረው። የሰፈሩ ሰው «ንጉሡ» ይለዋል። እሱ ለክብሩ የተሰጠው ስም ይመስለዋል፤ ሲጠሩት አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚዞረው። ነገሩ ወዲህ ነው። መንገድ ላይ ሰው እያስቆመ «ሥራ የሚጻፈው በንጉሡ ሠ ነው እንጂ በእሳቱ ሰ አይደለም» ሲል ስለሚውል ነው ሰፈርተኛው ስም ያወጣለት። መጀመሪያ «ንጉሡ ሠ» ነበር፤ ሲቆይ ሠ ተቆርጣ ንጉሡ ብቻ ቀረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እስከ ዛሬ አልሰማም።

እህቴ ማንበብ አትችልም። የአራሚ ሚስት ሆና። አዲስ ተጋቢ ሳሉ ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር አሉ። በሦስተኛው ቀን «ለ»ን ከታች ወደ ላይ ስትጽፍ አየና እርሳሱን ከእጇ ወስዶ «ይቅርብሽ፣ ፊደሉንም አታዋርጂው» አላት። እሷም ቀረባት። ይህን ስታወራ ትስቃለች፣ እኔ ግን ስቄ አላውቅም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከቤታቸው ጀርባ ባለችው ክፍል ከስፌት መኪናዬ ጋር እኖራለሁ። በራችን ትይዩ ስለሆነ እነሱ ቤት የሚወራው ሁሉ ይሰማኛል።

በየአሥራ አምስት ቀኑ በፖስታ የሚመጣለት አንድ መጽሔት አለ። ስለ ጤና ጥቂት፣ ስለ ትዳር ጥቂት፣ ስለ ከዋክብት ጥቂት፣ ከሁሉም የሚቆነጥር መጽሔት ነው። እሱን ብትጠይቁት «ይሄ ቆሻሻ» ይላችኋል። እኔ ግን ከዚያ ቆሻሻ የበለጠ የሚወደው ነገር በዓለም ላይ አላየሁም። መጽሔቱ የሚመጣ ዕለት ጠዋት ይላጫል። ያቺን አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ይዞ ፖስታ ቤት ይሄድና ከሣጥኑ ያወጣዋል፤ መንገድ ላይ ግን አይከፍተውም። ቤት ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ያስነሳል። ማስመሪያውን ከመጀመሪያው መስመር ሥር ያኖርና ከሽፋኑ ርዕስ እስከ አሳታሚው አድራሻ ያርማል። «ዓመት»ን በአልፋው አ ጽፈው ሲያገኝ ፊቱ ይበራል። በሦስተኛው ቀን የስህተቶቹን ዝርዝር በሁለት ገጽ አዘጋጅቶ ለዋና አዘጋጁ ይልካል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ላከ። ውሃ ወቀጣ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ አንድ ቀን መልስ መጥቶለት አያውቅም። «አፍረው ነው» ይላል፤ ቀጣዩንም እትም ይጠብቃል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ስፌት ያስተማርኳት እኔ አክስቷ ነኝ፤ እጇ ግን ከእኔ ይሻላል። የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቆ ባለ ከተማ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጠረችና ሄደች። ስልክ በየሰው ኪስ ባልገባበት ዘመን ነው፤ ያለው ደብዳቤ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው አራት ገጽ ሆኖ መጣ። ስለ አለቃዋ ቁጣ፣ ስለ ክፍል ጓደኛዋ ኩርፊያ፣ ስለ ማሽኑ ጩኸት ጽፋ ነበር። ለእህቴ ጮክ ብሎ አነበበላት፣ ያ ማንበብ ከተባለ። በየመስመሩ ይቆማል። «እዪ እንግዲህ፣ ፀሐይን በጸሎቱ ጸ» ይላል፤ እህቴ የልጇን ወሬ ለመስማት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ሲጨርስ ደብዳቤውን በቀይ አዥጎርጉሮ፣ በአዲስ ፖስታ አሽጎ መልሶ ላከላት። የእሷኑ ደብዳቤ። ከሥሩ «ተጠንቀቂ። አባትሽ» የሚል አለበት። የአባት መልስ ይኼው ነበር።

«ሰላም በልልኝ ብዬህ ነበር» አለችው እህቴ።

«ኅዳጉ ላይ ቦታ አልነበረም» አላት።

ሁለተኛው ደብዳቤ ሦስት ገጽ ሆነ። የአለቃዋ ወሬ ቀረ። ከዚያ የጓደኛዋም ቀረ። ዓመት ሳይሞላ ደብዳቤዋ ከአንድ ገጽ አያልፍም ነበር። እሱ ይህን ሲያይ «እየተሻሻለች ነው፣ ስህተቷ በግማሽ ቀንሷል» እያለ ይኩራራል። ዝም ያለ ሰው እንደማይሳሳት ለዚህ ሰውዬ ማን ይንገረው? እህቴ ሆድ ይፍጀው ብላ ትሰማዋለች።

እንዲህ እያለ ነው ያ ደብዳቤ የመጣው። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። «ጎኔን ይወጋኛል። ከሥራም ሁለት ቀን ቀረሁ። ሰኞ ልታይ ነው። የሚሉኝን ወዲያው እፅፍላችኋለሁ» ይላል። እህቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሱ «ጻፈ በጸሎቱ ጸ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኳት» አለና ያቺን «እፅፍላችኋለሁ» የምትለዋን ቃል በቀይ ከበባት። ያንኑ ዕለት ከሰዓት መልሶ ላከው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፖስታ ቤታችን ተዘጋ። ዝናቡ የደብዳቤ መለያ ክፍሉን ጣሪያ ደርምሶት ውሃ ገባበት። ለእኛ ሰፈር የሚመጣው ሁሉ ለጊዜው ሌላ መጋዘን ውስጥ ይከማች ተባለ። ለፖስታ ቤቱም አላዝንም። ሦስቱ ሠራተኞች ወንበራቸውን ደጃፉ ላይ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። መቼ ትከፍታላችሁ ሲባሉ «ከላይ አልታዘዝንም» ነው መልሳቸው። ጣሪያው ከላይ ለመውረድ ትዕዛዝ አልጠበቀም። መስኮቱ ላይ «ላልተወሰነ ጊዜ ስራ አቁመናል» የሚል ወረቀት ለጥፈው ነበር። ንጉሡ ተላጭቶ፣ ቦርሳውን ይዞ ሲደርስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ተንጠራርቶ «ስራ»ን በቀይ «ሥራ» ማድረግ ነው። ማስታወቂያው ምን እንደሚል የተረዳው ከዚያ በኋላ ነው። ያየችው ደንበኛዬ ዳቦ ሻጯ ናት የነገረችኝ፤ ስትነግረኝም ከሳቋ ብዛት ግድግዳ ተደግፋ ነበር።

ባዶ ቦርሳውን ይዞ ተመለሰ፤ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ተነስቶለት፣ ማስመሪያው ተዘጋጅቶለት ነበር። የድሮዎቹን እትሞች ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣና እንደገና ሊያርማቸው ሞከረ። ግን ምን ቀርቶት? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጣርቶ ሠርቷቸዋል። ሁለተኛው እትም የሚመጣበት ቀን ደረሰ። የለም፤ እሱ ግን ያንን ቀንም ተላጨ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እሱም ወደ ሳሙና መጠቅለያ ወረደ። ከዚያ ወደ መድኃኒት ብልቃጥ ወረቀት። ከዚያ እኔ ክፍል ገብቶ የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበትን ደብተር አነሳ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ ብቻ ባለበት ደብተር ውስጥ ምን ያገኛል ብዬ ዝም አልኩት። አገኘ። «እጅጌ»ን በዐይኑ ዕ ጽፌያለሁ፣ ያውም ሃያ ሦስት ቦታ። ጎረቤታችን ያለችው ባልቴት ድመቷ ጠፍታባት በሯ ላይ ማስታወቂያ ለጥፋ ነበር። ድመቷ ሳትገኝ ማስታወቂያው ታረመ። ሴትዮዋ አዲስ ነገር የተጻፈላት መስሏት ሮጣ ወጥታ ነበር፤ አሳዘነችኝ።

«ሰው ያለ ንባብ እንዴት ይኖራል?» ይለኛል ደጃፌ ላይ ቆሞ። «እስር ቤት እንኳ ጋዜጣ ይገባል።»

«አይዞዎት ጋሼ» እላለሁ፤ ምላሴን እየነከስኩ።

«ይኼኔ እነዚያ ሰዎች ሁለት እትም ሙሉ ያለ ተቆጣጣሪ ያሻቸውን ጽፈዋል።»

እነዚያ ሰዎች በምድር ላይ መኖሩንም አያውቁም። እሱ ግን ከምሩ ነው። ጉንጩ ገባ፣ ምግብ ጠላ፣ ትከሻው ወረደ። ሰው ስለ ልጁ እንዲህ ቢሆን ባከበርኩት። እህቴ በየጠዋቱ ከፖስታ ቤት ሲመለስ በር ላይ ትጠብቀዋለች።

«ዛሬስ?» ትለዋለች።

«ምንም የለም። ሁለተኛውም ቀረብኝ።»

«የልጄን ነገር ነው የምጠይቅህ።»

«እሱም ከዚያው ጋር ነው ያለው፣ ሲመጣ አብሮ ይመጣል።»

እሷ ትገባና ያጠበችውን ሳህን እንደገና ታጥባለች። ሴት ልጇ ጎኗን ምን እንደወጋት ሳታውቅ ሦስት ሳምንት አለፋት፤ ከዚያ አራት። እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ሥር ጠቆረ። ባሏ ግን ያላነበበው ማስታወሻ ደብተር፣ ያልፈተሸው ብልቃጥ አልነበረም፤ የሚስቱን ፊት ግን አላየውም።

አንድ ቀን አላስችል አለኝና «እንሂድና እንያት» አልኩ።

«የት ብላችሁ?» አለ። «የምታውቁት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፣ እሱም የፋብሪካው ነው። ሣጥን ውስጥ ትተኛለች?» በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ ከመጽሔቱ መቅረት ወዲህ ሲስቅ ያን ዕለት ነው ያየሁት።

ፋብሪካው በር ላይ ቆመን ብንጠይቅ በግማሽ ቀን እናገኛት ነበር። ይህ ዛሬ ነው የሚታየኝ። ያኔ ግን የአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ትዕዛዝ ተቆልሎብኛል፣ እህቴ ብቻዋን ከሰፈር ወጥታ አታውቅም፣ እና «ደብዳቤው ይመጣል» የሚለውን ቃሉን ተቀብዬ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። ሰውን ስንቅ ራሴን ልዝለል አልልም።

በአምስተኛው ሳምንት ፖስታ ቤቱ ተከፈተ። ንጉሡ በመንገዱ እየሮጠ መጣ። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ከፈተና ሦስት መጽሔቶች በየቀናቸው ቅደም ተከተል ደረደረ። ከሥራቸው አንድ ደብዳቤ ነበር። የልጅቷ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ከሩቅ አወቅሁት።

እጄን ስሰድ መዳፉን ጫነበት። «በተራ ነው» አለ። «የቀደመው ይቅደም።»

ማስመሪያውን አነሳ። የመጀመሪያውን መጽሔት ሽፋን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ እስትንፋሱ እንኳ ተለውጦ ነበር። ርዕሱ ላይ አንድ ስህተት አገኘና «ይኼው» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ጠፍቶ የተገኘ ዘመዱን እንደሚጠራ። እህቴ ከጀርባው ቆማለች። ወደ ሁለተኛው ገጽ ሊሄድ ሲል እጇን ዘረጋችና ማስመሪያውን ከመጽሔቱ ላይ አነሳችው። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር ውስጥ ይህን ስታደርግ አላየሁም። እሱም አላየ፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ፖስታውን ቀዶ ደብዳቤውን ያወጣው።

እርሳሱን ይዞ በልቡ አነበበ። አንድ ገጽ ናት። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ዝቅ ይልና ሳይነካ ይነሳል። ጨረሰና እንደገና ከላይ ጀመረ። ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንባ ነው ያየሁት።

«አንድም» አለ።

«ምን አንድም?» አለች እህቴ።

«አንድም ስህተት የለበትም። አንድ ገጽ ሙሉ። አየሽ፣ ሰው ሲታረም...»

«ምን ትላለች?»

«እ?»

«ልጄ ምን ትላለች?»

ቁልቁል ወደ ወረቀቱ ተመለከተ። ሁለት ጊዜ አንብቦታል፤ ምን እንደሚል ግን አላወቀም። ያኔ ከእጁ ነጠቅሁትና እኔ አነበብኩላት።

«እማዬ፣ ሰኞ ታየሁ። ነጭ ካፖርት የሚለብሰው ሰውዬ ጎኔን ነካክቶ፣ ሎሚ የሚያክል ነገር በቅሎብሻል አለኝ። ስሙን ነግሮኝ ነበር፣ እዚህ ላይ ግን አልጽፈውም። ቆርጠው ሊያወጡት ነው። ቀኑ በሚመጣው ወር በ12 ነው። የምተኛው ከአውቶቡስ ማቆሚያው በግራ በኩል ባለው ረጅም ነጭ ግንብ ውስጥ ነው፣ ብዙ አልጋ ያለበት። የዚያን ቀን ብቻዬን ባልሆን ደስ ይለኝ ነበር። መምጣት ካልቻላችሁም ምንም አይደል።»

ሐኪም የሚል ቃል የለም። ሕመም የለም። ዕጢ የለም፣ ሆስፒታል የለም። «ደኅና ነኝ» እንኳ የለም፤ እሱም የሚያጠራጥር «ኅ» አለበት። ጭቃ መንገድ ላይ ደረቁን እየመረጠ እንደሚረግጥ ሰው፣ የምታውቀውን ፊደል ብቻ እየረገጠች ነው የጻፈችው። ስህተት ያልተገኘው ለዚህ ነበር።

«አሥራ ሁለት ካለፈ ስንት ቀን ሆነ?» አለች እህቴ።

ዕለቱ ሃያ አራት ነበር። ነገርኳት። ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ፖስታ ቤቱ ነው» አለ ንጉሡ። «ሥራቸውን የማያውቁ ሰዎች። በጊዜው ቢያደርሱት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።» ያን ዕለት እኔም ይህንኑ ነበር የማምነው። እነዚያን ፀሐይ የሚሞቁትን ሦስት ሠራተኞች በሆዴ እየረገምኩ ሻንጣ ፈለግሁ።

ሲነጋ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድን። እሱ አልመጣም። «ቤት ባዶ አይተውም» አለ፤ «ሣጥኑም ገና መከፈቱ ነው፣ የቀረ ነገር ሊኖር ይችላል።» የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። በር ድረስ ሸኘንና «ደብዳቤዋ በጣም ጥሩ ነው ብሏል በሏት» አለን። ሳንርቅ የወንበሩን መጎተት ሰማሁ። ሁለተኛው መጽሔት ይጠብቀው ነበር።

ነጩን ግንብ ለማግኘት ማንንም አልጠየቅንም። ከአውቶቡስ ማቆሚያው በግራ በኩል፣ ልጅቷ እንዳለችው ነው። አሥራ ሁለት አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ሦስተኛው ላይ አገኘናት። ከስታለች፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ግን ተቀምጣ የጎረቤቷን ሴትዮ የተቀደደ ጋቢ በመርፌ ትጠግናለች። እህቴን ስታይ መርፌውን ጋቢው ላይ ሰካችና እጇን ዘረጋች። እህቴ ጎንበስ ብላ አቀፈቻት። ነርሷ «የወጣው ነገር ክፉ አይደለም፣ ተመርምሯል፣ በሦስት ቀን ትወጣለች» ስትለን እህቴ የነርሷን እጅ ይዛ አልለቅም አለች።

«የዚያን ቀን ማን ነበር አብሮሽ?» አልኳት ልጅቷን።

«ማንም» አለች። «ክፍል ጓደኛዬ ፈረቃ ነበራት። ደብዳቤዬ ገና አሁን ደረሰ ማለት ነው?»

«ትናንት። ያ የተረገመ ፖስታ ቤት...» ብዬ ልጀምር ስል አቋረጠችኝ።

«አይ አክስቴ፣ እኔ ነኝ ያዘገየሁት። ሰኞ ከዚህ ስወጣ ያኔውኑ ጽፌው ነበር፣ ሁለት ገጽ። ማታ ሳነበው የምጠራጠራቸው ቃላት በዙብኝ። ቀደድኩት። ማክሰኞ ሌላ ጻፍኩ። ፎርማናችን ፊደል ይለያል ብለውኝ ጠየቅሁት፣ እሱም አያውቅም። ከዚያ እነዚያን ቃላት እያወጣሁ ስድስት ጊዜ ገለበጥኩት። እሑድ ጨረስኩ። ሰኞ ፖስታ ቤት ይዤው ስሄድ፣ ወደ እናንተ ሰፈር የሚሄደው ቅዳሜ ወጥቷል፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ቆሟል አሉኝ።»

የረገምኳቸው ሦስት ሰዎች ትዝ አሉኝ። እውነትም ሰነፎች ናቸው፤ ግን ሰኞ የተጻፈ ደብዳቤ ቅዳሜ በሚሄደው ይደርስ ነበር። እነሱ ምን ያድርጉ?

«አባዬ አየው?» አለች ልጅቷ።

«አየው።»

«ስህተት ነበረበት?»

«አንድም አላገኘም። በጣም ጥሩ ነው ብሏል በሏት ብሎናል።»

ፈገግ አለች። ያ የደረቀ ከንፈሯ እስኪሰነጠቅ ድረስ ፈገግ አለች፣ ፊቷ ቀላ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ጎኗ ተቀዶ ተሰፍቷል፣ ብቻዋን ገብታ ብቻዋን ወጥታለች፣ እና ደስ አላት። እሱን በዚያች ደቂቃ የናቅሁትን ያህል በሕይወቴ ማንንም ንቄ አላውቅም።

እህቴ ይህን ሁሉ የልጇን ብርድ ልብስ ጫፍ ይዛ ስትሰማ ነበር። ባሏን በክፉ ስታነሳ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ዕለትም አላነሳችውም። ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ አስተካከለችላትና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ከእንግዲህ ደብዳቤውን ለእኔ ጻፊልኝ» አለች። «ላኪው በአክስትሽ ደንበኛ፣ በዳቦ ሻጯ ሣጥን በኩል።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች። «እማዬ» አለች፣ «አንቺ እኮ ማንበብ አትችይም።»

«አልችልም» አለች እህቴ። «ለዚያ ነው።»